በአጥሩ ላይ የተሰካው ግማሽ ዘንባባ

ሲቀላ በሚባለው የከተማ ሰፈር ከምንኖርበት ቤት በር በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ የደረቀ ዘንባባ ተሰክቷል። ቀለሙ ገለባ መስሏል፤ ጫፉም ተቆራርጧል። በልግ ገብቶ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ከተራራው በኩል ሲያጉረመርም መጀመሪያ ልጆቼን እቆጥራለሁ፤ ቀጥሎ የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ ከዚያ ቀና ብዬ ዘንባባውን አያለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ትልቁ፣ "እማ፣ እሱ ነው እንዴ መብረቅ የሚያቆመው? ስልኩን ከቻርጀር ንቀይው፣ ይበቃል" ይለኛል። ስልኩንም እነቅላለሁ። ዘንባባውን ግን ከቦታው አላነሳም። ለምን እንደሆነ ብነግራቸው ደግሞ አያታቸውን በክፉ እንዳያስቧት እፈራለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከኦቾሎ ወዲያ ባለች አንዲት የደጋ መንደር ነበር። ከደጃችን ቆመን የዓባያ ሐይቅን ቡናማ ውኃ ቁልቁል እናያለን። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ከጎጆው ጎን ባለው ዳስ ውስጥ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ ሲሠራ የመወርወሪያው ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። በልግ ሲገባ የምድሩ ሽታ፣ የእርጥብ ጥጥ ሽታና የእንሰቱ ሽታ ይቀላቀላል። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ቢመጣብኝ የት እንዳለሁ የምረሳ ይመስለኛል።

በእኛ ዳገት ላይ ካቶሊክ የእኛ ቤት ብቻ ነበር። ጎረቤቶቻችን ጴንጤዎች ነበሩ፤ ከበላያችን ደግሞ ሁለት ሦስት የኦርቶዶክስ ቤቶች አሉ። ቁምስናችን ከወንዙ ማዶ ስለሆነ እሁድ እሁድ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወንዙን እንሻገርና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እናጠልቃለን። በዐብይ ጾም ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል አለ። በሸራ የተሳሉ ዐሥራ አራት ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድን ስንንበረከክ ጉልበቴ ላይ የሚጣበቀው ቀዝቃዛ ጭቃ ትዝ ይለኛል።

ደጋ ላይ ዘንባባ አይበቅልም። ለሆሳዕና ሃይማኖት የሚያስተምረን ካቴኪስቱ አቶ ማቴዎስ ከታች ከሐይቁ ዳር በአህያ አስጭኖ ያመጣል። ዳገቱ ሩቅ፣ አህያውም አንድ ስለሆነ ለአንድ ቤት አንድ ዘንባባ ብቻ ነበር የሚደርሰው። አባ ከባረኩት በኋላ እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ታመጣውና ከበሩ በላይ በቀርከሃው መሐል ትሰካዋለች። ሌሎች ልጆች ከዘንባባቸው ቀለበት ሲሠሩ እኔ አይፈቀድልኝም። የእኛ ዘንባባ ሥራ ነበረበት። ነጎድጓድ ሲበረታ እናቴ የጣት አንጓ ያህል ትቆርጥና ፍም ላይ ትጥላለች፤ "እመቤቴ ማርያም፣ ቤታችንን እለፊው" ትላለች። ጢሱ ቀጭን ነው፤ የተቃጠለ ሣርና ትንሽ ማር የተቀላቀለበት ይሸታል። ይህን ያስተማሯት ድሮ ከባሕር ማዶ የመጡ አንድ ሽማግሌ አባ ናቸው። የቀረው ዘንባባ በዓመቱ፣ ጾም ሊገባ ሲል፣ ለቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። አቶ ማቴዎስ የሁሉንም ቤት ዘንባባ ሰብስቦ ያቃጥለዋል፤ ጾሙ በሚገባበት ረቡዕ ዕለት ግንባራችን ላይ የሚቀባው አመድ እሱ ነው። ስለዚህ አመዱ እንዲሁ የተገኘ አመድ አልነበረም። ከየቤታችን የመጣ ነው።

እናቴ ተጠራጣሪ ነበረች። ጨው ስታስቀምጥ በላዩ ላይ በጣቷ ምልክት ትጽፋለች። ቅቤውን በቅል ውስጥ ስታስገባ እስከ የት እንደደረሰ በልቧ ትይዛለች። ዘንባባውንም በጣት አንጓ ትለካዋለች። ሁላችንም ወጥተን ቤቱ ባዶ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ደፉ ላይ አመድ ትበትናለች። በር የሚቆለፍበት አገር አልነበረም፤ የእናቴ ቁልፍ ያ አመድ ነበር። አባቴ "ሌባ ቢመጣ አመዱን ዘሎ ይገባል" ብሎ ሲቀልድባት፣ "ሌባ አመድ መኖሩን በምን ያውቃል?" ትለዋለች።

ከጎናችን፣ በቀርከሃ አጥር ብቻ ተለይተን፣ የምህረት እናት ትኖር ነበር። ምህረት እኩያዬ ናት፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር እንማራለን። አባቷ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ይሸምናል፤ በዓመት አንዴ ለመስቀል ይመጣል። እናቶቻችን እንሰት የሚፍቁት አብረው ነበር። ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የቀርከሃ መፋቂያቸውን ላይ ታች ሲያደርጉ ምላሳቸውም አብሮ ይሠራል።

"የተሬዛ እናት፣ ዘንድሮም ቅጠል ልታጨሺ ነው?" ትላታለች የምህረት እናት።

"ጌታ በአህያ ሲገባ ያነጠፉለት ምን መሰለሽ? የስኳር ድንች ቅጠል ነው?"

"ያኔ አነጠፉለት እንጂ በር ላይ አልሰቀሉትም።"

"ስለዚህ ነዋ ዓርብ ላይ የካዱት። በር ላይ ቢሰቅሉት ያስታውሳቸው ነበር።"

ሁለቱም ይስቃሉ። እኔና ምህረት ምኑ እንደሚያስቅ ባይገባንም አብረን እንስቃለን። በዚያ ዓመት ግን ሳቃቸው ቀንሶ ነበር። ባለፈው በልግ መብረቅ የምህረትን እናት በሬ ከዝግባው ሥር ገድሎባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ሲጠቁር ፊቷ ይለዋወጣል፤ ከእንሰቱም ብድግ ብላ ልጆቿን ይዛ ቤት ትገባለች።

ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሁላችንም ለለቅሶ ወንዝ ማዶ ሄድን። እዚያ ሳለን የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ከነነጎድጓዱ ወረደ። አባርቶ ስንመለስ እናቴ ከደጅ ላይ እጇን ዘርግታ አስቆመችን። በአመዱ ላይ አንድ እግር አርፏል። ከውጭ በዝናብ የራሰ ባዶ እግር ስለነበር አምስቱም ጣቶች ቁልጭ ብለው ወጥተዋል፤ ተረከዙ ጠለቅ ብሏል፣ እንደሚሮጥ ሰው። እናቴ ዘልላው ገባች። ጨው አለ። ቅቤ አለ። የአባቴ ጥንድ ቡሉኮ አለ። ቀና ብላ ስታይ ከበሩ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

"ጨው ትቶ ዘንባባ የሚወስድ ምን ዓይነት ሌባ ነው?" አለ አባቴ።

 የእናቴን ፊት አየሁት። ጨው ቢጠፋ ትናደድ ነበር፤ አሁን ግን ፈርታለች። ጨው የወሰደ ጨው ፈልጎ ነው፤ የተባረከ ነገር የወሰደ ሰው ምን ፈልጎ ነው? በዚያ ሰሞን ከሩቅ የመጣ አንድ ሰባኪ በሠፈሩ ውስጥ ጣዖት የሚመስል ነገር ሁሉ ይቃጠል ብሏል እየተባለ ይወራ ነበር። እናቴ እሱንና የእግሩን ምልክት በአንድ ላይ አሰረችው። እግሩን በእንጨት ለካች፤ እንጨቱን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች።

"የምህረት እናት! ቤቴ ገብተሽ ነበር?"

"ምን ልሠራ?"

"ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ዘንባባዬ የለም።"

"ፍየል በልቶት ይሆናላ። ቅጠል የሚበላ ፍየል ነው።"

"ፍየል ከበር በላይ አይደርስም።"

"በኋላ እግሩ ቆሞ ግንድ ሲወጣ አይተሽ አታውቂም?"

"አምስት ጣት ያለው ፍየል ግን አላየሁም" አለች እናቴ፣ እንጨቱን ከፍ አድርጋ። "ነይና እግርሽን አሳዪኝ።"

የምህረት እናት እግሯን ከቀሚሷ ሥር ሰበሰበች። ከዚያ "እግሬን የምለካው ጫማ የሚገዛልኝ ሰው ሲመጣ ነው" ብላ ገባች። አነጋገሯ ቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረም። እናቴ ዞራ ስትመጣ፣ "ንጹሕ ሰው እግሩን አይደብቅም" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምህረት ጋር እንዳልጫወት ተከለከልኩ። ክፍል ውስጥ ወንበር እንድቀይር ታዘዝኩ። እንሰቱን እናቴ ለብቻዋ ትፍቃለች፤ ከአጥሩ ወዲያም የአንድ መፋቂያ ድምፅ ይሰማል። አንዳንዴ ሁለቱ ድምፆች በአንድነት ይመቱና፣ ወዲያው አንዷ ሆን ብላ ትቆማለች። እናቴ ይህ እንደማይበቃት በሦስተኛው ቀን ተናገረች። "ዱቡሻ አወጣታለሁ" አለች። ዱቡሻ የሽማግሌዎች አደባባይ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ የዋሸ ሰው ጎሜ የሚሉት እርግማን ይይዘዋል ይባላል፤ በራሱ ባይደርስ በልጆቹ፣ በከብቱ፣ በማሳው ይደርሳል። ጴንጤም ሆነ ካቶሊክ፣ በአፉ አላምንም ቢልም፣ ዱቡሻ ላይ የሚዋሽ ሰው በእኛ አገር ማግኘት ከባድ ነበር። አባቴ "ለአንድ ደረቅ ቅጠል ሽማግሌ ታስነሻለሽ?" ሲላት፣ "ለቅጠሉ አይደለም። በቤቴ ላይ ምን እንደታሰበ ላውቅ ነው" አለችው። ለሐሙስ ተቀጠረ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምህረት ከኋላዬ ሃያ እርምጃ ርቃ ትከተለኝ ነበር። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ተሰነጠቀ። እንዲያ ያለ ነጎድጓድ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ሁለታችንም መሮጥ ጀመርን፤ የት እንደምሮጥ ሳላውቅ እጄን ይዛ ያስገባችኝ እነሱ ቤት ነበር። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታን ምድጃው አጠገብ ተንበርክካ ነበር። ትንሹን ልጇን በአንድ እጇ አቅፋለች። በሌላው እጇ ከመሶቡ ሥር አንድ ነገር አወጣች፤ በጥርሷ ቆርጣ ፍሙ ላይ ጣለችው። ሳላየው በፊት አሸተትኩት። የተቃጠለ ሣርና ትንሽ ማር።

ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። የያዘችውን መልሳ ከመሶቡ ሥር ከተተች።

"ተሬዛ" አለችኝ፣ በጣም ቀስ ብላ። "አንቺ ምንም አላየሽም፣ አይደል?"

"አላየሁም፣ እትዬ።"

"የእኛ ሰዎች ቢሰሙ ከማኅበር ያስወጡኛል። እናትሽም ብትሰማ..." አልጨረሰችውም። ምህረት ግን ወደ በሩ ስንወጣ በጆሮዬ ጨረሰችልኝ። "ያን ቀን፣ ለቅሶ በሄዳችሁበት ቀን፣ እናቴ ብቻዋን ስለፈራች እናትሽ ጋ ልትጠጋ ሮጣ ነበር፤ ማንም የለም" አለችኝ። "ቀና ስትል ዘንባባው ነበር። እናትሽን ብታጣ እናትሽ የምትይዘውን ያዘች።"

ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሐሙስ እስኪደርስ የቀረውን ቀን በጣቴ እቆጥር ነበር። ዱቡሻ ወጥታ "አልወሰድኩም" ካለች ጎሜው በምህረት ላይ ነው። "ወስጃለሁ" ካለች ሰዎቿ ያስወጧታል፤ ባሏም በሩቅ አገር ሆኖ ይሰማል። እኔ ብናገር ምህረትን አጣለሁ። ዝም ብል ደግሞ ምህረት ትታመም ይሆናል። እሁድ አቶ ማቴዎስ በቤተ ክርስቲያኑ በር የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ቆሟል። ሰው ሁሉ ደረቅ ዘንባባውን ይጥልለታል። እናቴ ባዶ እጇን ስትደርስ፣ "የተሬዛ እናት፣ ያንቺ ዘንባባ እግር አወጣ እንዴ?" አላት እየሳቀ።

"እግር ያለው ሰው ወሰደው" አለች። በመስመር ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት።

ቤት ስንደርስ ከፊቷ ቆምኩ። "እኔ ነኝ የወሰድኩት። ቀለበት ሠራሁበት። ቀለበቱ ወንዝ ውስጥ ወደቀብኝ" አልኩ። የተዘጋጀሁበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። የሚመጣውንም አውቄ ልትገርፈኝ ሳማ የምትቆርጥበትን ቦታ በዓይኔ አየሁ።

እናቴ ግን አልተነሳችም። ወደ ታች ወደ እግሬ አየች። ያ የለካችበት እንጨት ግድግዳው ሥር ነበር፤ አንስታ እግሬ አጠገብ አቆመችው። እንጨቱ ከእግሬ በአራት ጣት ይበልጣል።

"እግርሽ መቼ ነው እንዲህ ያጠረው?" አለችኝ።

አለቀስኩ። "ማንን ነው የምትሸፍኚው?" አለች። እንባዬን ጠረግኩ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ ይህ ነበር ያስፈራኝ። እናቴ የማትጠይቀው የጥርጣሬዋን ጫፍ ስትይዝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጾሙ ሲገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባ አፈር መሆናችንን እያስታወሱ ግንባራችን ላይ አመድ ቀቡን። አመዱ ከሁሉም ቤት የመጣ ነው፤ ከእኛ ቤት ግን አልነበረበትም። እናቴ ከተቀባች በኋላ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ አሸተተችው። ስንመለስ ወንዙን ከመሻገራችን በፊት ሰማዩ እንደገና ጠቆረ፤ ቤት ስንደርስ ነጎድጓዱ ተጀመረ። የምትጥለው ዘንባባ አልነበራትም። ምድጃው ዳር ትቀመጣለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ደጅ ወጣች። ዝናቡ እየመታት አጥሩ አጠገብ ቆመች፤ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ። እኔ ከበሩ ውስጥ ሆኜ ነበር፤ ሽታው እኔም ጋ ደረሰ። በዚያ ዳገት ላይ ዘንባባ የሚሸት ቤት ከእኛ በቀር አልነበረም፤ የእኛ ደግሞ ባዶ ነው። ከማዶ አንድ ሕፃን ያለቅስ ነበር፤ የምህረት እናት "አይዞህ፣ አይዞህ፣ ያልፋል" ስትለው ይሰማል። ነጎድጓዱ በመታ ቁጥር ቃሉን ከመጀመሪያው ትጀምረው ነበር።

እናቴ እዚያ ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም። ስትገባ ነጠላዋ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር፤ ግንባሯ ላይ የነበረው አመድ ታጥቦ አንድ መስመር ሠርቶ ወደ ቅንድቧ ወርዷል። "ጎመኑን አማስይ፣ እያረረ ነው" አለችኝ።  ማታ አባቴ "ነገ ሽማግሌዎቹን ስንት ሰዓት ነው የቀጠርሻቸው?" ሲላት፣ "ተወው፣ ፍየል ነው የበላው" አለችው። አባቴ አፉን ከፍቶ አያት። እናቴ በሕይወቷ ጥርጣሬዋን ስትተው ያኔ ብቻ ነው ያየኋት፤ ያውም በዓይኗ አይታ ሳይሆን በአፍንጫዋ አሽትታ።

ሆሳዕና ደረሰ። ምድሩ አረንጓዴ ለብሷል፤ ባቄላው አብቧል። እናቴ እንደ ሁልጊዜው አንዷን ዘንባባ ተቀብላ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣች። ቤት ስንደርስ ግን ወዲያው በሩ ላይ አልሰካችውም። ቢላዋ አምጪ አለችኝ። ከሥሯ ጀምራ እስከ ጫፏ ለሁለት ሰነጠቀቻት። አንዱን ግማሽ በቦታው ሰካች። ሌላውን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደችና፣ ግራ ቀኙን አይታ፣ ወደ ማዶ በኩል አዘንብላ በቀርከሃው መሐል ሰካችው። ዞር ስትል አየችኝ።

"ምን ታያለሽ?" አለችኝ።

"ምንም አላየሁም" አልኳት። ያን ዓመት ይህን ቃል በደንብ ለምጄው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አጥሩ ላይ ምንም አልነበረም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ከማዶ ድምፅ መጣ። "የተሬዛ እናት! መፋቂያሽ ደነዘ እንዴ? ዝም ብለሽ ነው የዋልሽው!" እናቴ መፋቂያዋን አነሳች፤ በእንጨቱ ጠርዝ ላይ አውራ ጣቷን አሳለፈች። "የእኔስ ስለት አለው፤ ያንቺን አምጪና እንይ" አለች። ምህረት እናቷን ቀድማ አጥሩን ዘላ መጣች።

ስለ ዘንባባው ሁለቱም እስከ መጨረሻው አላወሩም። ከመሞቷ በፊት አንድ ጊዜ እናቴን ጠየቅኋት። "የምን ዘንባባ?" አለችኝ፤ ግን ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በቀብሯ ዕለት የምህረት እናት ከካቶሊኮቹ መሐል ቆማ፣ መዝሙሩን ሳታውቀው፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር።

ዛሬ እኔም እንደ እናቴ ሆኛለሁ። በግቢያችን አራት ተከራይ አለ፤ ስማቸውን እንጂ ሰዎቹን አላውቃቸውም። ሳሙናዬ ቶሎ ሲያልቅ ከቧንቧው አጠገብ የምትኖረውን ጎረቤቴን እጠረጥራለሁ። ያሰጣሁትን ልብስ ቆጥሬ አወጣለሁ፤ ቆጥሬ አስገባለሁ። ልጆቼ ከማን ጋር እንደዋሉ እጠይቃለሁ፤ የነገሩኝንም ደግሜ ከሌላ ሰው እጠይቃለሁ። ደፍ ላይ ግን አመድ አልበትንም፤ አመድ የት ይገኛል? ቁልፍ አለ። ቁልፍ ማን እንደገባ አይነግርም፤ ለምን እንደገባማ ጭራሽ አይነግርም።

እዚህ ከተማ ዘንባባ ሞልቷል። ለሆሳዕና መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ሰው የፈለገውን ያህል ይወስዳል። እኔ ሁለት እወስዳለሁ። አንዱን በቤቴ በር ላይ እሰካለሁ፤ ሌላውን በግቢው በር ብረት መሐል፣ ሁሉም በሚያልፍበት። ማታ ማታ በሩን ቆልፌ ስመለስ ባትሪ አብርቼ አየዋለሁ። ዘንድሮም እዚያው ደርቆ አለ፤ ማንም አልነካውም። ጎረቤቴ፣ ያቺ የቧንቧዋ፣ ነጎድጓድ ሲመጣ ልጇን ይዛ መብራት ታጠፋለች፤ በመስኮቴ አይቻታለሁ። ከቤቴ ዕቃ ሁሉ፣ ቢሰረቅብኝ የምወደው ያን ዘንባባ ብቻ ነው።